እቴቴና ሰማንያ የንጉሡ ብር

ከመካከላችን አንዷ ጋዜጠኝነት ስትማር አንድ የቤት ሥራ ተሰጣት። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ተባለ። የክፍል ልጆች አትሌት ፍለጋ፣ ደራሲ ፍለጋ፣ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ፍለጋ ሲራወጡ፣ እኛ የታክሲ ብር ስላልነበረን እቤት ያለችውን አያታችንን መረጥን። (በዚህ ጽሑፍ "እኛ" ስንል አያታችን ያሳደገችን ሦስት እህትማማቾች ማለታችን ነው። የምትጽፈው መካከለኛዋ ናት። ሁለቱ ግን ሳናነበው አይወጣም ብለው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።)

"እቴቴ፣ እስኪ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪን" አልናትና ስልካችንን ለመቅጃ ፊቷ ደቀንንባት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ? ታሪክ ያላቸውማ በሬዲዮ ይናገራሉ" አለችና ቢላዋውን ወደ ስልኩ ቀስራ፣ "እሱን አንሱልኝ፣ ሽንኩርት ይነካዋል።"

እንደምንም ስምንት ገጽ ሞላን። መምህሩ ከላይ በቀይ እስክርቢቶ "ባለታሪኳ ምን የሠሩ ናቸው?" ብሎ ጽፎ መለሰልን። ሲ ፕላስ። ጥያቄው ያን ጊዜ ልክ መስሎን ነበር። እውነትም ምን ሠራች? ልጆች ወለደች፣ እንጀራ ጋገረች፣ የቤት ኪራይ ከፈለች። አንድ ያልሠራችው ነገር እንዳለ ግን አላወቅንም ነበር። እሱን ያወቅነው በ2016 ነው፤ እንደርስበታለን።

እቴቴ በዓመተ ምሕረት አትቆጥርም። "የግርግሩ ጊዜ" ትላለች፤ "ቤት የተወረሰ ጊዜ"፣ "የአሰሳው ጊዜ"፣ "ስኳር በካርድ የነበረ ጊዜ"። እኛ ከጎኗ ሆነን የባሕሩ ዘውዴን መጽሐፍ እያገላበጥን ወደ ቁጥር እንለውጣለን። ለምሳሌ የተወለደችው "አባቴ ማይጨው በሄደ በክረምቱ" ነው። ማይጨው መጋቢት 1928 ስለሆነ እቴቴ የተወለደችው ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ነው ማለት ነው። ቡልጋ ውስጥ። አባቷን አላየችውም። አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ የነገራቸው ሰውም የለም። እናቷ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠብቃ በመጨረሻ ዘመድ ሲጨቀጭቃት ተዝካሩን አወጣች። እቴቴ ይህን ስትነግረን ምን አለች መሰላችሁ? "አባቴ የሞተው ጠላ የተጠመቀ ለታ ነው። እስከዚያ ድረስ ነበረ።"

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ከአክስቷ ጋር አዲስ አበባ መጣች። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። በሰው ቤት ስትጋግር፣ ስትፈትል አደገችና የክቡር ዘበኛ ወታደር አገባች። ትልቁ ልጇ በ1947 ተወለደ፣ የመጨረሻዋ እናታችን በ1960።

የክቡር ዘበኛ ሚስት መሆን ያን ጊዜ ትንሽ ያኮራ ነበር ይባላል። ኩራቱ እስከ ታኅሣሥ 1953 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ታሪክ መጻሕፍት ስለ ወንድማማቾቹ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለተረሸኑት መኳንንትና ሚኒስትሮች ብዙ ገጽ አላቸው። ስለ ወንድ አያታችን ምንም የላቸውም፤ እሱ በር ላይ ቁም ተብሎ የቆመ ተራ ወታደር ነበር። "ለማን እንደቆመ የሰማው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው" ትላለች እቴቴ። ከዚያ ከሥራ ተባረረና ፒያሳ አንድ ጨርቅ መደብር ደጃፍ የሌሊት ጥበቃ ተቀጠረ። ክቡሩ ተነሥቶለት ዘበኛው ቀረለት። (ቀልዱ የኛ አይደለም፣ የራሱ ነበር። እየሳቀ ይናገረው እንደነበር እቴቴ ነግራናለች።)

ገነተ ልዑል ዛሬ ስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው ነው። ታላቃችን እዚያ ስትማር እቴቴ አንድ ቀን ምሳ ቋጥራ ሄደችላት። በሩ ላይ ቆም ብላ "አባባችሁ ሦስት ቀን ሳይበላ የቆመው እዚህ ነው" አለችና ምስሩን ሰጥታ ተመለሰች። አልገባችም።

እሱ በ1964 ሞተ። እቴቴ ከልጆቿ ጋር ባንድ ክፍል ቤትና ከኋላዋ በተቀጠለች ጭስ ቤት ቀረች። ቤቱ የኪራይ ነው፤ በወር 16 ብር። ባለቤቷ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበሩ፤ በዚያው ግቢ አምስት ክፍል አከራይተው በሱ የሚኖሩ። እቴቴ "እትዬ" ትላቸዋለች። ኪራይ ሲዘገይ በር አያንኳኩም፤ ግቢው መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እቴቴ ዛሬም ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እጇ ወደ መቀነቷ ይሄዳል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። "እኔ ያዘንኩት ለመኪናዋ ማነስ ነው" ከማለት በቀር እቴቴ በዚህ ላይ አስተያየት የላትም። ለሷ አብዮት የፈነዳው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። የዚያን ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ቀሪውን ያስረክብ ተባለ። አነስተኛው ኪራይ በግማሽ ተቀነሰ። የእቴቴ 16 ብር 8 ብር ሆነ፤ የምትከፍለውም ለቀበሌ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም አብዮቱን በፎቶና በመፈክር የምናውቀው ልጆች ይቺ 8 ብር ምን እንደነበረች አይገባንም። ስምንት ብር ለሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ጫማ ነበረች። እቴቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጉሮሮ ጠረጋ ያደረችው ያን ሰሞን ነው። ደግሞ በዚያው ግቢ ውስጥ እትዬ አሉ። አምስቱን ክፍል አስረክበው የሚኖሩበትን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሌላ ገቢ የላቸውም። እቴቴ በመጀመሪያው ወር ለቀበሌው ከፍላ፣ ማታ 2 ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። እትዬ አልቀበልም አሉ። "ቀበሌ ከሰማ አንቺንም እኔንም አድኃሪ ብሎ ይወስደናል፤ ይልቅ ቡና አፍልተሽ ጥሪኝ" አሏት። ጠራቻቸው። ሴትየዋ እስከሞቱ ድረስ ሁለቱ በየቀኑ ቡና ይጣጡ ነበር፤ የወራሽና የተወራሽ ቡና። እናታችን እንደምትለው አንድ ቀንም ስለ ቤቱ አንሥተው አልተነጋገሩም።

ትልቁ ልጅ፣ አጎታችን፣ አዋጁ ሲወጣ እቤት አልነበረም። ስሙን አንጽፍም፤ እቴቴ ከልክላናለች፤ ምክንያቷን ስንጠይቅም "አያገባችሁም" ብላናለች። ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከው ነበር፤ እሱም አንዱ ነው። ከዘመቻው ደብዳቤ ጻፈላት። ማንበብ ስለማትችል ጎረቤት አነበበላት። "እማዬ፣ እንግዲህ ቤቱ ያንቺ ሆነ" ይላል።

በ1968 ከዘመቻ ተመለሰ። ጺም አብቅሏል፣ ብዙ ያነባል፣ ማታ ማታ ሰው ይመጣበታል። ወጣት ሆኖ አንዱ ድርጅት ውስጥ አለመግባት ያን ጊዜ ከባድ ነበር፤ እሱ ኢሕአፓን መረጠ። እናትና ልጅ የሚጨቃጨቁት በቤቱ ነው። "ቤቱን የሰጠሽ ደርግ አይደለም። ተማሪው የታገለበትን ነው ወታደሩ የወሰደው" ይላታል። እሷ ትመልሳለች፦ "ማንም ይስጠኝ ማንም፣ ጣሪያው ያፈሳል።"

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ ለጥቂት ቀናት ክፍለ ሀገር ደርሼ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ሰማንያ ብር ሰጣት። ስምንት ባለ አሥር። ከዘመቻ መልስ ማተሚያ ቤት ሠርቶ ያጠራቀማት ናት። "ስመለስ ሱሪና ጫማ እገዛበታለሁ። እንዳትነኪው።" ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው።

ጥቅምት 1969 ብር ተለወጠ። የንጉሡ ምስል ያለበት ሁሉ በአዲስ እንዲተካ ታዘዘ። በባለ አንድ ብሩ ላይ የልጅ ፊት ወጣ። (ያቺን ባለ አንድ ብር እኛም ደርሰንባታል፤ ሳንቲም ሳትሆን በፊት ከረሜላ ገዝተንባታል።) እቴቴ የራሷን ጥቂት ብር ይዛ ሄዳ ለወጠች። ሰማንያውን አልወሰደችውም። እትዬ ቡና ላይ ለመኗት፤ "ነገ ወረቀት ይሆናል፣ ምነው አንቺ!" አሏት።

"የሱ ነው። ራሱ መጥቶ ይለውጠው" አለች።

እንግዲህ ያልሠራችው ነገር ይህ ነው። ቀኑ አለፈ። ሰማንያ ብር፣ የአሥር ወር ኪራይ፣ ወረቀት ሆነ።

ስለ ቀይ ሽብር የኛ ትውልድ ብዙ አንብቧል፣ እኛም አንደግመውም። መስከረም 1969 በከተማው ጥይት ተጀመረ። ኢሕአፓ የቀበሌ ሹማምንትንና የመኢሶን ሰዎችን ይገድላል፤ ደርግ ደግሞ የጠረጠረውን ሁሉ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶች ወርውረው ሰበሩ። አስከሬን ከነጽሑፉ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። ይህን ሁሉ መጻሕፍቱ ይናገራሉ። መጻሕፍቱ የማይናገሩት፣ ማንበብ የማትችል እናት ልጇ ጥሎት የሄደ የመጽሐፍ ክምር ይዛ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ነው።

የትኛው ወረቀት እንደሚያስገድል፣ የትኛው እንደማያስገድል መለየት አልቻለችም። ለጎረቤት አሳይታ እንዳትጠይቅ ጎረቤትም አይታመንም። ስለዚህ ሁሉንም አቃጠለችው። መጋቢት ላይ፣ ጭስ እንዳይጠረጠር ብላ ሊጥ አቡክታ፣ ምጣድ ጥዳ፣ ከንጋት ጀምራ ጋገረችበት። እናታችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ገጾቹን እየገነጠለች ታቀብላታለች። ምን እንደነበሩ ማንም አያውቅም። ሌኒንም ይኑርበት፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብም ይኑርበት፣ ሁሉም እንጀራ ሆነ። ከዘመቻ የጻፈላት ደብዳቤም ገባ። የትምህርት ማስረጃውም ገባ። አንደኛው መጽሐፍ መሃል ፎቶግራፉ ነበር፤ ያለችው አንዲት ፎቶ። እቴቴ ያየቻት እሳቱ ውስጥ ጠርዟ ሲጠቀለል ነው። እጇን ሰደደች። ቀኝ መዳፏ ላይ ጠባሳ አለ፤ ልጆች ሳለን ምንድነው ስንላት "ምጣድ ፈጀኝ" ነበር የምትለን። ውሸት አልተናገረችም።

አሳሾቹ በማግሥቱ መጡ። ፍራሽ ገለበጡ፣ ዱቄት በተኑ። አንደኛው የሰፈር ልጅ ነው፤ ቆርቆሮውን ከፈተና የንጉሡን ፊት አየ።

"ይሄ ምንድነው? የቀድሞውን ሥርዓት ትናፍቂያለሽ እንዴ?"

"ኧረ ሞኝ ነኝ ልጄ፣ ቀኑ አለፈብኝ" አለች።

ሳቁባት። ለሰፈሩም አወሩት፤ ሰማንያ ብር ያስበላች ሞኝ ሴት ተባለች። ስሙ ለብዙ ዓመት አልለቀቃትም፤ እሷም አላስተባበለችም። ማንም ሞኝን ልጅሽ የት ነው ብሎ አጥብቆ አይጠይቅም።

የት ነው? አንዱ አሲምባ አየሁት አለ። አንዱ ከርቸሌ አብረን ታስረናል አለ። ሌላው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እቴቴ ከሦስቱ የቱን እንደምታምን ነግራን አታውቅም። ተዝካር አላወጣችም።

ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ የሸለመው ትልቅ ዘመቻ ነው፤ ሥራውን አለማድነቅ አይቻልም። እቴቴ አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከሰፈር እናቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሀ ሁ አለች። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያ አዳራሽ የሰፈሩ ልጆች የሚታጎሩበት ነበር። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። "ከኖራው ሥር ጽሑፍ ይታይ ነበር፤ ፊደል ስለይ ለማንበብ ሞከርኩ። ግን ደምቆ አይታይም" ብላናለች። ልጇን ያሳጣት መንግሥት ቤት ሰጣት፤ የልጇን መጻሕፍት ያስቃጠላት መንግሥት ማንበብ አስተማራት። ይህን እኛ ስንጽፈው አንድ ቁም ነገር የደረስንበት ይመስላል። ለእቴቴ ግን የሚገርም ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በኪራይ ደረሰኝ ላይ አውራ ጣቷን አጥቅሳ አታውቅም፤ ትፈርማለች። ውዳሴ ማርያም ታነባለች፣ የመብራት ቢል ታነባለች፣ ቢሉ ሲበዛ ትሳደባለች።

ከዚያ ያለውን ቶሎ እንለፈው፣ እሷም ቶሎ ታልፈዋለች። የ1977ቱ ድርቅ፣ የስኳር ካርድ፣ ወጣቱን ሲያፍሱ ልጆች ብፌ ውስጥ የተደበቁበት ጊዜ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983። ቀበሌው ያው፣ ደረሰኙ ያው፣ ማኅተሙ ብቻ ተለወጠ። እኛ ተወለድን። እናታችን እኛን ለሷ ጥላ ጂዳ ለሰው ቤት ሥራ ሄደች፤ በ2006 ሳዑዲ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሷም አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። በ1997 ከምርጫው በኋላ በከተማው ጥይት ሲተኮስ እቴቴ በሩን ቆልፋ ሦስታችንንም አልጋ ሥር አስተኛችን። ታላቃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አታስታውስም፤ የእቴቴ እግር በሩ ሥር ተገትሮ የነበረውን ግን ታስታውሳለች። በአልጋው ሥር የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ከ1987 እስከ 1999 ቆየ። እቴቴ አንድ ቀንም አልሄደችም። በ2002 ደግሞ መስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ከትምህርት ቤት ወስደውን ነበር። አጽሙ በመስታወት ውስጥ፣ ፎቶዎቹ ከጣሪያ እስከ ወለል። ስንመለስ ለእቴቴ እንደ ሽርሽር እያወራን ነገርናት፤ ልጆች ነበርና። አዳመጠችን አዳመጠችንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ፎቶ ብቻ ነው የሚሰቅሉት?"

እኛ አዎ አልን። እናታችን ተነሥታ ወጣች። ለምን እንደወጣች አልገባንም ነበር።

መስከረም 2013 ብር እንደገና ተለወጠ። አዲስ ባለ 10፣ 50 እና 100፤ ባለ 200 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። ሦስት ወር ሲሉት ማን ይቸኩላል? እቴቴ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማለዳ ቀስቅሳ ባንክ ሰደደችን። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር፣ ከእቁብና ከእድር የቀረች። "እቴቴ፣ ገና እኮ ነው" ስንላት፣ "ብር ሲለወጥ አይዘገይም። እኔ አንዴ ዘግይቼ አውቃለሁ" አለች። ተሳሳቅን። አርጅታለች አልን።

ቆርቆሮውን ያየነው የካቲት 2016 ቤቱ ሊፈርስ ዕቃ ስናሰናዳ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት ሰሞን ፒያሳን ማፍረስ ተጀመረ፤ ዶሮ ማነቂያም ሄደች። ስለ ኮሪደር ልማቱ ሰው የተለያየ አስተያየት አለው፤ እኛም ሦስታችን እርስ በርስ አንስማማም። ሽንት ቤት ለአሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ነበር፤ ይህን ማንም "ቅርስ" ብሎ አያባብለን። ግን ሰማንያ ሰባት ዓመት የሆናትን ሴት በቀናት ውስጥ ውጪ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ታናሻችን ከአልጋው ራስጌ ቆርቆሮውን አወጣችና ከፈተችው። ስምንት ባለ አሥር፣ ንጉሡ ያሉበት፣ እጥፋቱ እንዳለ። ክዳኑ ከውስጥ በኩል በሚስማር ተጭሯል፤ የሰው ስም ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ወደ ግራ ተንጋድዷል፤ አዲስ ተማሪ የጻፈው ይመስላል። ታናሻችን (ትፈቅዳለች ይህን እንድንጽፍ) ወዲያው ስልኳን አውጥታ ቴሌግራም ላይ የድሮ ብር ስንት እንደሚሸጥ ታይ ጀመር። "ኧረ እቴቴ ሀብታም ነሽ!" አለች። እናታችን ከእጇ ቀማቻትና ቁጭ ብላ ከምጣዱ ጀምራ ነገረችን። ስለ አጎታችን መጥፋት እናውቅ ነበር። ስለ ፎቶው፣ ስለ ሰማንያው አናውቅም ነበር። ስምንት ገጽ ጽፈን ይህ አልነበረበትም።

እቴቴ በዚህ ሁሉ መሃል ምንም አላለችም። አዲስ ቤት መሄዱ አላስጨነቃትም ብለን ነበር፤ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሽንት ቤቱ የራሷ። ቁልፍ ማስረከቢያው ቀን ግን ራሴ ካልሄድኩ አለች። ደግፈን ወሰድናት። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ እማማ" አላት። ፈረመች። ከዚያ አልነሣም አለች።

"የኔ ልጅ፣ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ የሄድኩበትን ትነግሩልኛላችሁ?"

"ማን ነው የሚጠይቅዎት እማማ?"

"ሰው። ይቺን ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው።"

ልጁ ወደ እኛ አየ። እኛ መሬት መሬት አየን። "በሲስተም ይመዘገባል እማማ፣ አያስቡ" አላት። ደግ ልጅ ነው፣ ምን ይበል? እሷ ግን ሲስተም የሚባለው ሰውዬ የት እንደሚቀመጥ ስላልተነገራት አላመነችም።

ከዚያ ወጥተን ቀጥታ ወደ ሰፈር አስመለሰችን። ከኛ ወገን ያለው ሁሉ ፈርሷል፤ አቧራው ገና አልተኛም። በመንገዱ ማዶ አንድ ሱቅ ተርፏል። ባለሱቁ በስሟ ያውቃታል፤ ዱቤ ይሰጠን የነበረ ሰው ነው። እቴቴ ከሱ ካርቶን ጠየቀች፣ ከኛ እስክርቢቶ። ጻፉልኝ አላለችም፤ ራሷ ጻፈች። ስሟን፣ የብሎኩን ቁጥር፣ አራተኛ ፎቅ። ስልክ ቁጥሩን ብቻ እኛ እያነበብንላት አስገባች። ባለሱቁ ሳይጠይቅ ከቴሌብር ማስታወቂያው አጠገብ ለጠፈው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ስናልፍ ቆም ብለን እናያለን። አንዴ ዝናብ ረጭቶት ቁጥሩ ደብዝዞ ነበር፤ ከመካከላችን አንዷ ደምቆ እንዲታይ አስተካክላ ጻፈችው። ለእቴቴ አልነገርናትም። ማታ ግን ገና ጫማችንን ሳናወልቅ፣

"አለ?" አለችን።

"አለ" አልናት።